ቴያቴተስ፦ መምህሩ 17 ላይ ሲቆም መንገዱን የቀጠለው የሂሳብ ሊቅ

በጁባ ከተማ አባትና ልጅ አንዱን የሂሳብ ትምህርት በሁለት የተለያዩ ስሞች ሊጠሩት ይችላሉ። ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ከመሆኗ በፊት በካርቱም ሥርዓተ ትምህርት በአረብኛ የተማረ አባት የ2ን ወይም የ3ን ስኩዌር ሩት ‘ጀዝር አሰም’ ይለዋል። በእንግሊዝኛ የሚማረው ልጅ ደግሞ ‘ሰርድ’ ብሎ ያውቀዋል። ቃላቱ በድምፅ ባይገናኙም ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም መስማት የተሳነው ማለት ናቸው።

ቁጥር እንዴት መስማት ይሳነዋል? መልሱ ያለው ከአረብኛም ከእንግሊዝኛም ርቆ፣ በጥንቱ የግሪክ ቋንቋ ውስጥ ነው። ግሪኮች እንዲህ ያለውን መጠን ‘አሎጎስ’ ይሉት ነበር። በዮሐንስ ወንጌል መክፈቻ ላይ ‘ቃል’ ተብሎ የተተረጎመው ‘ሎጎስ’ ንግግር፣ ምክንያት፣ እንዲሁም የአንድን ቁጥር ለሌላው ያለውን ውድር ጭምር ይገልጻል። አሎጎስ እንግዲህ ውድር የሌለው ነው፤ ቃል የሌለው ተብሎም ሊነበብ ይችላል። አረቦች ቃል አልባነቱን ወደ መስማት መሳን ወሰዱት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የላቲን ተርጓሚዎች ከአረብኛው ‘ሰርደስ’ አሉት፤ የእንግሊዝኛው ‘ሰርድ’ የተገኘውም ከዚህ ነው።

ቃሉ ይህን ያህል ሲጓዝ፣ የትኛው ስኩዌር ሩት ውድር እንዳለውና የትኛው እንደሌለው የሚለየውን ጠቅላላ ደንብ እንዳገኘ የሚነገርለት ሰው ስም ግን ብዙም አይነሳም። ከ2400 ዓመታት በፊት በአቴና የኖረው ይህ ሰው ቴያቴተስ ይባላል።

የሙት ልጅና የቀሬናው መምህር

ስለ ቴያቴተስ ሕይወት የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከፈላስፋው ፕሌቶ ነው። የግዕዝ መጻሕፍት አፍላጦን የሚሉት ይህ ሊቅ፣ በቴያቴተስ ስም የሰየመውን ሙሉ መጽሐፍ ጽፎለታል። መጽሐፉ በጭውውት መልክ የቀረበ የፍልስፍና ድርሰት ስለሆነ እያንዳንዱን ንግግር እንደተነገረ አድርጎ መቀበል አይገባም። ይሁንና ፕሌቶ ሰውየውን በቅርብ ያውቀው ስለነበር፣ የሕይወቱን ዋና ዋና መስመሮች የታሪክ ጸሐፊዎች በአመዛኙ ተቀብለዋቸዋል።

የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ417 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። አቴናና ስፓርታ ለ27 ዓመታት የተዋጉበት ጦርነት ገና አላበቃም ነበር፤ አቴና ተሸንፋ እጅ ስትሰጥ እርሱ አሥራዎቹን ዕድሜ ገና መጀመሩ ነበር። አባቱ ኢዩፍሮኒየስ የሱንዮን ሰው ሲሆን ብዙ ሀብት ትቶለት ሞቷል። ሀብቱን እንዲጠብቁ የተሾሙት ሞግዚቶች ግን አባከኑት። ልጁ በዚህ ከመመረር ይልቅ በገንዘብ ረገድ እጀ ሰፊ እንደነበር ፕሌቶ ይመሰክርለታል።

መልኩ አያምርም ነበር። አፍንጫው ደፍጣጣ፣ ዓይኖቹም ወጣ ያሉ ነበሩ፤ በዚህም ፈላስፋውን ሶቅራጥስን ይመስል ነበር። መምህሩ ስለ እርሱ ለሶቅራጥስ ሲነግር ይህን ሳይደብቅ ነው። ወጣቱን ያወደሰው በሌላ ነገር ነበር፦ ፈጥኖ የሚረዳ ሰው ብዙውን ጊዜ ቁጡ፣ ረጋ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዘገምተኛ በሚሆንበት ዓለም ይህ ልጅ ፍጥነትን ከእርጋታ ጋር አጣምሮ ይዟል የሚል ነበር ምስክርነቱ።

የመምህሩ ስም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ቴዎድሮስ ይባላል። አገሩም እንዲሁ። የመጣው ከቀሬና፣ ማለትም ኋላ የክርስቶስን መስቀል እንዲሸከም ከተገደደው ከስምዖን ከተማ ነው። የቀሬና ፍርስራሽ ዛሬ በምሥራቃዊ ሊቢያ ይገኛል። ግሪኮች በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ከቆረቆሯት ከዚህች ከተማ የመጣው ቴዎድሮስ በወጣትነቱ ፍልስፍናን ሞክሮ፣ ከረቂቅ ክርክር ይልቅ ጂኦሜትሪን መርጧል። የአቴና ወጣቶችም ጂኦሜትሪ፣ ሥነ ፈለክና የዜማ ስሌት ከእርሱ ይማሩ ነበር።

ካልኩሌተር የማይመልሰው ጥያቄ

ቴዎድሮስ ያስተማረው ጉዳይ ምን እንደነበር ለማየት አንድ አናጺ ይበቃል። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሜትር የሆነ የበር ፍሬም ይሠራና እንዳይወላገድ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚያያይዘውን እንጨት ይለካል። ሜትሩ 141 ሴንቲሜትር ከትንሽ ይለዋል። በሚሊሜትር ቢለካው 1414 ሚሊሜትር ከትንሽ ይሆንበታል። መለኪያውን እያጠበበ ቢሄድ ያ ‘ትንሽ’ የሚባለው ነገር የሆነ ቦታ ላይ ያልቃል ወይስ መቼም አያልቅም?

የእንጨቱ ርዝመት የ2 ስኩዌር ሩት ነው። የሆነ ቦታ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ርዝመቱ በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ውድር፣ ማለትም በክፍልፋይ ይጻፋል፤ የዛሬ ተማሪዎች ራሽናል የሚሉት ይህን ነው። በምንም ክፍልፋይ የማይጻፍ ከሆነ ደግሞ ኢራሽናል ነው። ካልኩሌተር ይህን ሊወስን አይችልም። 665857ን ለ470832 ስናካፍል የሚገኘው ቁጥር ከ2 ስኩዌር ሩት ጋር እስከ 11ኛው የአስርዮሽ ቤት ድረስ አንድ ዓይነት ስለሆነ በተራ ካልኩሌተር ላይ ልዩነታቸው አይታይም። ነገር ግን የመጀመሪያውን ቁጥር በራሱ ስናባዛ 443365544449 እናገኛለን፤ ሁለተኛውን በራሱ አባዝተን ስናጥፈው የምናገኘው 443365544448 ነው። የቀረችው አንዲት ቁጥር ናት። ከ443 ቢሊዮን በላይ በሆነ ቁጥር ውስጥ በአንድ ብቻ መሳት ለአናጺው ምንም አይደለም፤ ለሂሳብ ግን ያው መሳት ነው።

የ2 ጉዳይ ከቴዎድሮስ በፊት ተፈትቶ ነበር። ማስረጃው በአጭሩ ይህን ይመስላል። የ2 ስኩዌር ሩት በክፍልፋይ ይጻፋል እንበል፤ ክፍልፋዩንም ከዚህ በላይ እስከማይቃለል ድረስ እናቃልለው። እንግዲህ የላይኛው ቁጥር በራሱ ሲባዛ የታችኛው በራሱ ተባዝቶ ከሚሰጠው ውጤት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የላይኛው ተጋማሽ ነው። የላይኛው ተጋማሽ ከሆነ ግን በራሱ ሲባዛ ለ4 ይካፈላል፤ ይህም የታችኛውም ተጋማሽ እንዲሆን ያስገድዳል። ሁለቱም ለ2 የሚካፈሉ ከሆነ ክፍልፋዩ አልተቃለለም ነበር ማለት ነው፤ ተቃሏል ብለን ግን ነበር የተነሣነው። ሐሳቡ ራሱን በራሱ ስላፈረሰ እንዲህ ያለ ክፍልፋይ የለም።

ሁሉም ነገር በሙሉ ቁጥሮች ውድር ይገለጻል ብለው ለሚያምኑት የፓይታጎረስ ተከታዮች ይህ ቀላል ዜና አልነበረም። ምስጢሩን ያወጣው ሰው ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሞተ የሚለው አፈ ታሪክ የመጣው ከዚሁ ነው። ብዙ ጊዜ ሂፓሰስ ከሚባል ሰው ጋር የሚያያዘው ይህ ታሪክ የተጻፈው ከዘመኑ እጅግ ዘግይቶ ስለሆነ ብዙም የሚታመን አይደለም።

ቴዎድሮስ ከ2 አለፈ። ስፋታቸው 3፣ 5፣ ከዚያም ተከታዮቹ የሆኑ ካሬዎችን እየሣለ የእያንዳንዳቸው ጎን በውድር የማይገለጽ መሆኑን አንድ በአንድ አሳየ። 17 ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ፕሌቶ ለምን እንደቆመ አይነግረንም፤ በዚህ የተነሣ የሂሳብ ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ከቀረቡት መላምቶች ይበልጥ የሚያሳምነው የ2ን ማስረጃ የሚከተለው ነው። ጎዶሎ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል ቀሪው ምንጊዜም 1 ነው፤ 9፣ 25፣ 49 እና 81ን መሞከር ይቻላል። የ3 ስኩዌር ሩት በተቃለለ ክፍልፋይ ቢጻፍ የላይኛውም የታችኛውም ቁጥር ጎዶሎ መሆን ይኖርባቸዋል። ታዲያ በአንድ በኩል ቀሪው 1፣ በሌላ በኩል 3 ስለሚሆን ሁለቱ ሊተካከሉ አይችሉም። ይኸው ዘዴ 5ን፣ 7ን፣ 11ን፣ 13ን እና 15ን ይፈታል። ተጋማሾቹም በ2 መንገድ ይፈታሉ። 17 ግን ለ8 ሲካፈል ቀሪው ራሱ 1 ነው። ሁለቱም ወገን 1 ስለሚሰጥ ምንም ግጭት አይፈጠርም፤ ዘዴው ዝም ይላል። መምህሩ የቆመው መሣሪያው እዚያ ላይ ስለዶለዶመበት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ልጆችና አንድ ደንብ

ቴያቴተስና አንድ ጓደኛው መምህራቸው ያቆመበትን ተመለከቱ። የጓደኛው ስም እንዳጋጣሚ ከፈላስፋው ጋር አንድ ነበር፤ ሶቅራጥስ ይባላል። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም፤ 17ን ቢፈቱ 18 ይከተላል፣ ከዚያ 19። ስለዚህ ሁለቱ ወጣቶች ቀጣዩን ቁጥር ከመሞከር ይልቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚይዝ ስያሜ መፈለግ ጀመሩ።

ቁጥሮችን ለሁለት ከፈሏቸው። 4፣ 9፣ 16 የመሳሰሉት አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚገኙ ናቸው፤ ጠጠር ቢደረደርባቸው እኩል ጎን ያለው ካሬ ይሠራሉ። ሌሎቹ ግን፣ ለምሳሌ 12፣ 3 በ4 ወይም 2 በ6 ሆነው ቢደረደሩ እንጂ ካሬ አይሆኑም። ከመጀመሪያው ወገን የሆነ ቁጥር ስኩዌር ሩቱ ሙሉ ቁጥር ነው። ከሁለተኛው ወገን ከሆነ ስኩዌር ሩቱ በምንም ክፍልፋይ አይጻፍም። በመካከል ሌላ ነገር የለም። የአንድ ሙሉ ቁጥር ስኩዌር ሩት ሁለት ከግማሽ ወይም ሦስት ከሲሶ ሊሆን ፈጽሞ አይችልም።

ዛሬ ደንቡን ለመጠቀም ቁጥሩን ከዚህ በላይ ወደማይከፋፈሉ አባዢዎች መበተን ይበቃል። 144 ሲበተን አራት 2ቶችና ሁለት 3ቶች ይገኙበታል። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ስላላቸው ስኩዌር ሩቱ 12 ነው። በ72 ውስጥ ግን 2 ሦስት ጊዜ ይገኛል፤ አንዱ 2 ያለ ጥንድ ስለቀረ የ72 ስኩዌር ሩት ኢራሽናል ነው። ክፍልፋይ ሲሆን መጀመሪያ ይቃለላል፤ ከዚያ ላዩም ታቹም ይመረመራል። 18ኛ 8 መጀመሪያ ሲታይ ኢራሽናል ይመስላል፤ ሲቃለል ግን 9ኛ 4 ስለሚሆን ስኩዌር ሩቱ ሁለት ሦስተኛ ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው 0.9 ላይ ነው። የ0.9 ስኩዌር ሩት 0.3 አይደለም፤ 0.3 በራሱ ሲባዛ 0.09 ነውና። 0.9 ማለት 10ኛ 9 ነው፤ 10 ደግሞ የየትኛውም ሙሉ ቁጥር ካሬ ስላልሆነ ውጤቱ ኢራሽናል ነው።

በፕሌቶ መጽሐፍ ውስጥ ወጣቱ ይህን የሚተርከው እንደ ታላቅ ግኝት አይደለም። ሶቅራጥስ ዕውቀት ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀው ጂኦሜትሪን፣ የጫማ ሰፊውን ጥበብና ሌሎች ሙያዎችን እየዘረዘረ ይመልስለታል። ሶቅራጥስ ዝርዝር ሳይሆን አንድ ትርጉም እንደሚፈልግ ሲያስረዳው ነው ቴያቴተስ ከጓደኛው ጋር የሠሩትን ያስታወሰው። ሶቅራጥስ ተደስቶ፣ ለቁጥሮች ያደረገውን ለዕውቀትም እንዲያደርግ ይለምነዋል። የእናቱን የፌናረቴን የአዋላጅነት ሙያ እያነሳም፣ እርሱ ራሱ የሚያዋልደው የወጣቶችን ሐሳብ እንደሆነ ይገልጽለታል። ቴያቴተስ ሦስት መልሶችን ወለደ፤ ሦስቱም ተመርምረው ወደቁ። ውይይቱ ሲያበቃ ሶቅራጥስ የቀረበበትን ክስ ለመስማት ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ዓመቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት 399 ነበር፤ ፈላስፋው ሞት ተፈርዶበት መርዝ የጠጣው በዚያው ዓመት ነው።

ሥራው የተጓዘበት መንገድ

ከዚያ በኋላ ስላሉት ዓመታት የተረፈው መረጃ ጥቂት ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በቢዛንታይን የተዘጋጀ መዝገብ በሄራክሊያ ከተማ እንዳስተማረ ይናገራል፤ ከፕሌቶ ትምህርት ቤት ጋርም ስሙ ተያይዟል። ሥራው ግን ይበልጥ ይታወቃል። ሥር ብቻ የሆኑትን መጠኖች አልፎ፣ ከሥሮች መደመርና መቀነስ የሚገኙትንም በየወገናቸው መደባቸው። ጎናቸው ሁሉ እኩል ከሆኑት አምስቱ ጠጣር ቅርጾች መካከል ባለ 8 ገጹና ባለ 20 ገጹ ከእርሱ ጋር ተያይዘው ይነሳሉ።

በእጁ ከጻፈው አንድም ገጽ ወደ እኛ አልደረሰም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ በእስክንድርያ ይሠራ የነበረው ኢዩክሊድ የሂሳብን ዕውቀት በ13 መጻሕፍት ሲያሰባስብ፣ ከሁሉም የሚረዝመውን 10ኛውን መጽሐፍ ለእነዚሁ መጠኖች ሰጠ። መጽሐፉ 115 ማስረጃዎች አሉት፤ መሠረቱም የቴያቴተስ ሥራ እንደሆነ ይታመናል። የእስክንድርያው ጳጶስ ስለዚህ መጽሐፍ የጻፈው ማብራሪያ በግሪክኛ ጠፍቶ የተረፈው በአረብኛ ትርጉሙ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ የተወለደው አቡ ካሚል ደግሞ እነዚያን መስማት የተሳናቸውን ሥሮች እንደ ማንኛውም ቁጥር እየደመረና እያባዛ በአልጀብራ ስሌት ውስጥ አስገባቸው።

ዕውቀት አገርና ቋንቋ እየቀየረ መትረፉ ለጁባ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በ1975 የተመሠረተው የጁባ ዩኒቨርሲቲ በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት በ1989 ወደ ካርቱም ተዛውሮ፣ ለብዙ ዓመታት ሲያስተምር የኖረው ከስሙ ከተማ ርቆ ነበር።

ከቆሮንቶስ የተመለሰው ቃሬዛ

የቴያቴተስ ሕይወት በጦርነት መካከል እንደጀመረ ሁሉ በጦርነት አበቃ። በአቴና ሕግ አንድ ዜጋ እስከ 59 ዓመቱ ድረስ ለውትድርና ሊጠራ ይችል ነበር፤ ሊቅ መሆን ከዚህ ነጻ አያወጣም። አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች የቆሰለበት ውጊያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ369 በቆሮንቶስ አቅራቢያ የተደረገው ነው ይላሉ። በዚያን ጊዜ አቴና ከቀድሞ ጠላቷ ከስፓርታ ጎን ቆማ ከቴብስ ጋር ትዋጋ ነበር። ይህ ትክክል ከሆነ ዕድሜው 48 ገደማ ነበር። ሌሎች ደግሞ ውጊያውን ወደ 391 ይመልሱታል፤ እንዲያ ከሆነ ሲሞት ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው ግምት ይበልጥ ያሳምናል፤ ይህን ሁሉ ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሥራት የሚቻል አይመስልምና።

ፕሌቶ መጽሐፉን የሚከፍተው በዚሁ ነው። የሜጋራው ኢዩክሊድ፣ ከእስክንድርያው ኢዩክሊድ ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ የሶቅራጥስ ወዳጅ፣ ወደ ወደቡ ሲወርድ ሰዎች ቴያቴተስን ከቆሮንቶስ የጦር ሰፈር ተሸክመው ወደ አቴና ሲወስዱት ያገኛቸዋል። በሕይወት አለ ቢባልም ለጥቂት ነበር። ቁስሉ ከባድ ነው፤ ከቁስሉ የባሰው ግን በሠራዊቱ መካከል የተዛመተው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነበር። በውጊያው ላይ ያሳየውን ጀግንነት ሰዎች ሲያወሩ ኢዩክሊድ በዚያው ዕለት ሰምቷል። ሜጋራ እንዲያርፍ ለመነው፤ ቆስሎ የሚመለሰው ሰው ግን ቤቱ መድረስ ብቻ ነበር የፈለገው። ኢዩክሊድ እስከ ኤሪኔዎስ ድረስ አብሮት ተጉዞ ሸኘው።

ወደ ሜጋራ ሲመለስ ሶቅራጥስ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለዚህ ወጣት የተናገረው ትዝ አለው፤ ለአካለ መጠን ከደረሰ ስሙ መጠራቱ አይቀርም ብሎ ነበር። ያን ቀን የተነጋገሩትን ኢዩክሊድ ከራሱ ከሶቅራጥስ ሰምቶ፣ አቴና በሄደ ቁጥር ያልገባውን እየጠየቀና እያረመ በጽሑፍ አስቀምጦት ነበር። ከወዳጁ ከተርፕሲዮን ጋር ወደ ቤት ገብተው ዐረፍ እንዳሉ አገልጋዩን መጽሐፉን አምጥቶ እንዲያነብላቸው አዘዘው።